ኤል ኤስ ብለህ ጻፍ፤ ሌላ ምንም እንዳትነካ

ወንድሜ አብነት በሞተ በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ እጄ ሁለተኛ ላጣው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ነገሩ የኮምፒዩተር ነገር ነው። ስለ ኮምፒዩተር የማታውቁ ካላችሁ ጽሑፉን አትተዉት፤ ያን ቀን እኔም አላውቅም ነበር። ጽሑፍም ብዙ አልጽፍም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወዲህ ከአንድ ገጽ በላይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ብደናቀፍ ታገሡኝ።

ናትናኤል እባላለሁ፤ ቤት ውስጥ ናቲ ነኝ። ያን ጊዜ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ድጋሚ ልፈተን ዲላ ቤት ተቀምጬ አጠና ነበር። ማለቴ፣ ደብተር ከፍቼ እቀመጥ ነበር። አብነት በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቀድሞን ስላረፈ ደብተሬንም ጫማዬንም የሚገዛው እሱ ነበር። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ፎቶ ቤት ከፍቷል። የተማሪ ጉርድ ያነሳል፣ ሠርግ ያነሳል፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ደግሞ በሞተር ይርጋጨፌና ኢዲዶ እየወረደ የማጠቢያ ጣቢያዎችን ሥራ ያነሳል። በኅዳር ከዚያ ሲመለስ ነው ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ሞተሩ የተንሸራተተው። ካሜራውም አብሮት ተሰበረ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ስለ ሱቁ ግን እችላለሁ። አብነት ጠዋት ሲከፍት መጀመሪያ መጥረጊያ አያነሳም። መብራቶቹን ያበራል፣ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያው ላይ ያቆማል፣ ሰዓት ይሞላበትና ሮጦ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ቀጭ! ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጦ ብርሃኑ ልክ መሆኑን ያያል። ይህችን ፎቶ “ሙከራ” ይላታል።

“ለምን የመጀመሪያውን ደንበኛ አንስተህ አታይም?” አልኩት አንድ ቀን።

“አንተ፣ ሰው ታጥቦ ተቀብቶ መጥቶ፣ ፊቱ ላይ መብራት ትሞክራለህ? የሚበላሽ ፊት ካለ የኔ ይበላሽ። እኔ እንደሆንኩ ለማግባት አልቸኮልኩም።”

ሙከራዎቹን ወዲያው የሚያጠፋቸው ይመስለኝ ነበር። ጠይቄው አላውቅም።

ሌላም አስተምሮኛል። ፎቶ ቤት የሰው አደራ አለበት ይላል። እዚህ ከተማ ብዙ ሴት ልጆች ፎቷቸው ያላወቁት ሰው ስልክ ላይ ተገኝቶ አልቅሰዋል። ስለዚህ ኮምፒዩተርህን ለሌላ ሰው ስትሰጥ የሰው ፊት ይዞ እንዳይሄድ፣ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ተጭነህ አጥፋ፤ ያኔ የጠፋ ፋይል የሚጠራቀምበት ቅርጫት ውስጥም አይቀርም። ይህን ያሳየኝ እሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ጠዋት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የክፍሉ ባለቤት ቤቱን ለልብስ ሰፊ ሊያከራዩት ስለነበር ዕቃውን ማንሳት ነበረብን። ኮምፒዩተሩን ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ከድር ሊወስዱት ተስማሙ። ሱቁን ከፈትኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሁለተኛዬ ነው። ኮምፒዩተሩ አብነት ትቶት እንደሄደው በርቶ ነበር። ሥራዎቹን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ገባሁ። ውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ መክፈት አቃተኝ። ዓይኔን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሁሉንም መረጥኩ፤ ሺፍት ተጭኜ አጠፋሁ። ጋሽ ከድር ማታ መጥተው እንዲያዩት ኮምፒዩተሩን እንደበራ ትቼ፣ ቆልፌ ወደ ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወንድሜ የሚኮራብኝ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እማዬ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ጠራችኝ። እሑድ አርባው ነው። ድንኳኑ መግቢያ ላይ የሚቆም ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል። በቤታችን ያለው የአብነት ፎቶ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ጉርድ ብቻ ነው። የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ እሱን ያነሳው የለም። መታወቂያውን መዳፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

“ይሄማ ልጄ አይደለም” አለች። “ይሄ ፖሊስ ጣቢያ የተጠራ ሰው ነው።”

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ትንሽ ሳቀች።

“ናቲ፣ ጠዋት ጠዋት ራሱን የሚያነሳውን አምጣልኝ።”

“እሱንማ ያጠፋዋል እማዬ። ለመብራት ነው።”

“ማን አለህ? አያጠፋም። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ይዤለት ሄጄ አይቼዋለሁ። ‘ይሄን ሁሉ ምን ታደርገዋለህ?’ ብለው፣ ‘ሳረጅ በየቀኑ እንዴት እንዳረጀሁ አያለሁ እማዬ’ አለኝ።”

ከቤት ወጥቼ ከጓሮ እንሰቱ ሥር እንደቆምኩ አስታውሳለሁ። እጄን አየሁት። ጠዋት ሺፍቱን የተጫነችው የግራ እጄ ትንሿ ጣት ናት።

የማውቀው የኮምፒዩተር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ዘሪሁን። እዚህ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ግቢያችን ውስጥ የኋላዋን ክፍል ተከራይቶ ነበር፤ ከአብነት ጋር ወንድማማች ሆኑ። አሁን ገደብ የምትባል ከተማ ነው የሚሠራው። የጌዴኦ ልጅ ነው፤ አማርኛን በትምህርት ቤት ስለለመደ ሴቱንና ወንዱን እንደመጣለት ያቀያይራል። አብነት በዚህ ሲቀልድበት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ደወልኩለት። ከኋላው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

“ናቲ! እናትህ ደህና ነው?”

“ደህና ናት። ዜሪ፣ የአብነትን ሁሉንም ነገር አጠፋሁት።”

“ምን ማለት ነው? ከሶኬት?”

“ፎቶዎቹን። ከኮምፒዩተሩ። ሺፍት ተጭኜ።”

“አታልቅስ” አለኝ። ማልቀሴን ያወቅሁት እሱ ሲለኝ ነው። “አለ። ስማኝ፣ አለ። ሰርቨር ላይ አለ።”

“ሰርቨር ምንድን ነው?”

“ሩቅ አገር ያለ ኮምፒዩተር ነው። በኢንተርኔት የምትደርስበት። ለአብነት ትንሽ ቦታ ተከራይተንለት ነበር። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ፣ ኮምፒዩተሯ ራሷ ትልካለች። እኔ ነኝ ትእዛዟን የጻፍኩላት። እዚህ ያለውን እዚያ ካለው ጋር ታስተካክላለች። እዚህ ከጨመርክ እዚያ ትጨምራለች፣ እዚህ ካጠፋህ እዚያ ታ…”

ቆመ።

“ናቲ፣ መቼ ነው ያጠፋኸው?”

“ዛሬ ጠዋት።”

“ኮምፒዩተሩ አሁን በርቷል?”

“በርቷል።”

“ስንት ሰዓት ነው?”

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁ። “ለአሥራ አንድ ስምንት ጉዳይ።”

“ሩጥ! ገመዱን ንቀል! እስክትጠፋ እንዳትጠብቅ፣ ከግድግዳው ን…”

ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ከቤታችን እስከ ሱቁ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሮጥኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ መኖሩን በሱሪዬ ላይ እየዳበስኩ ነበር የምሮጠው። አንድ ባጃጅ አገኘሁ፤ ሦስት ሰው ጭኗል። “በናትህ!” ብዬ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫዬ ተንጠለጠልኩ። መንገዱ ላይ ቡና የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ እየሄደ ሊዞር ይታገላል፤ ባጃጁ ቆመ። ወርጄ እንደገና ሮጥኩ። ሾፌሩ ከኋላዬ ሲሳደብ ይሰማኛል፤ ልክ ነው፣ አልከፈልኩትም።

ሱቁ ጋ ስደርስ ቁልፉ አልገባ አለኝ። አገላብጬው ነበር። የቆርቆሮውን በር በርግጄ ገባሁ።

መስኮቱ ዝግ ስለሆነ ክፍሉ ጨለም ብሏል፤ የሚያበራው የኮምፒዩተሩ ስክሪን ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ጠዋት ያልነበረ ጥቁር መስኮት ተከፍቷል። በውስጡ ነጫጭ ጽሑፎች ከታች ወደ ላይ እየተከታተሉ ይወጣሉ። ቀርቤ አየሁ። የፋይል ስሞች ናቸው። በላቲን ፊደል ሙከራ የሚል፣ ከዚያ ቁጥር። ሙከራ፣ ቁጥር። ሙከራ፣ ቁጥር። ቁጥሩ ዓመት፣ ወርና ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር።

እዚህ ላይ የሆነውን ከእናንተ ብደብቅ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ። እማዬ ልክ ናት፣ አላጠፋቸውም፣ ይኸው እየመጡ ነው ብዬ አሰብኩ። ሩጫው ትንፋሼን ቆርጦኝ፣ ጠረጴዛውን ተደግፌ፣ የወንድሜ ጠዋቶች አንድ በአንድ ሲያልፉ ፈገግ ብዬ አየሁ። አሥር ሰከንድ ይሁን ሃያ አላውቅም። ከዚያ ዘሪሁን ጀምሮ ያልጨረሰው ቃል ትዝ አለኝ። እዚህ ካጠፋህ፣ እዚያ።

እየመጡ አልነበረም። እየሄዱ ነበር።

በጠረጴዛው ሥር በሆዴ ተኝቼ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ክፍሉ ጨለመ። የማራገቢያው ድምፅ ቀስ እያለ ቆመ።

“ማነው! ማነው እዚያ!” የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ጋሽ ከድር ናቸው። ለሽያጭ የሚያስቀምጡትን ረጅሙን የጥቁር ሰሌዳ ማስመሪያ እንደ ጦር ይዘውታል። እግሬን ብቻ ነው ያዩት።

“እኔ ነኝ ጋሼ፣ ናቲ ነኝ።”

“ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ከጠረጴዛ ሥር? በሩን እንደዚያ ስትበረግደው ሌባ ነው ብዬ…” ማስመሪያውን ዝቅ አደረጉ። “እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ሌባ በማስመሪያ ልመታ!”

መሬት ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። ግማሹ የገባቸው አይመስለኝም። ግን በርጩማውን አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡና፣ “አብነት አዋቂ ነው፣ አንድ ቦታ ያስቀራል” አሉኝ። ነው አሉ። ነበር አላሉም።

ዘሪሁን መልሶ ሲደውል አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ከገበያው ወጥቶ ዳገት ላይ ቆሟል፤ ነፋሱ ይሰማል።

“ነቀልክ?”

“ነቀልኩ። ግን ጀምራ ነበር።”

“ምን ያህል?”

“እኔ ምን አውቃለሁ ዜሪ! ቆሜ እያየኋት ነበር።”

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። “እሺ። አሁን ዝም ብለህ አታብራት። ያቋረጠችውን ስትነሳ ልትቀጥል ትችላለች። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀል።”

ነቀልኩ። ከዚያ አብራ አለኝ፤ አበራሁ። የት እንደምገባና የትኛዋን ትእዛዝ እንደማቆም በቃል መራኝ። በየደረጃው የማየውን እያነበብኩለት፣ እሱ “ተጫን” እስኪል እጄን ከማውዙ አንስቼ እጠብቃለሁ። ያቺ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት የምትነሳ ትእዛዝ ቆመች። ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ።

“አሁን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። በስልክ ይሁን፣ የሱቁን ገመድ አልፈልግም።”

የኔ ስልክ ዳታ አልነበረውም። ጋሽ ከድርን አየኋቸው።

“ብዙ ይበላል እንዴ?” አሉ፣ ስልካቸውን እያወጡ።

ስልኬ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ዘሪሁን ሰምቷቸዋል። “ጋሼ፣ ስም ዝርዝር ብቻ ናት። ዓርብ ዓርብ ለሰው ከሚልኩት የጁምዓ ፎቶ ታንሳለች።”

“የኔን የጁምዓ ፎቶ አንተ በምን አወቅህ?”

“ለኔም ይልካሉ።”

“አሃ” አሉና ስልኩን ሰጡኝ።

ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። የይለፍ ቃሉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ስለነበር ሰርቨሩ ጋ ደረሰ። አንዲት ትንሽ መስመር ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃለች።

“ናቲ፣ ስማኝ። ኤል ጻፍ። ኤስ ጻፍ። ኢንተር። ኤል ኤስ ብለህ ጻፍ፤ ሌላ ምንም እንዳትነካ።”

“ምን ታደርጋለች?”

“እዚያ ሩቅ ያለውን በስሙ ትዘረዝርልሃለች። ማየት ብቻ ናት። አታመጣም፣ አታጠፋም፣ አታስተካክልም። ስንት ጊዜ ብትጽፋት ምንም አትጎዳም።”

ጻፍኩ። ኢንተሩን ለመጫን ጣቴ እምቢ አለ። የተጫኑት ጋሽ ከድር ናቸው፤ “ቢስሚላህ” ብለው።

ሁለት መስመር ወጣ። በአንደኛው መጨረሻ ላይ አንድ ነጥብ አለ። በሁለተኛው ሁለት ነጥብ። ሌላ ምንም የለም።

“ምን ይላል?” አለ ዘሪሁን።

“ነጥብ።”

“ሌላስ?”

“ሁለት ነጥብ።”

“ከዚያስ?”

“የለም ዜሪ። የለም። አልቋል።”

ጋሽ ከድር ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ሌላ ነገር ከሥሩ የሚወጣ ይመስል። እኔ በዚያች ደቂቃ ለእማዬ ምን እንደምላት ነበር የማስበው። ዓረፍተ ነገሩን ጀምሬ ነበር። እማዬ፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ… እኔ ሳልሆን ኮምፒዩተሩ። ይህን ያህል ፈሪ እንደሆንኩ ያን ጊዜ አወቅሁ።

“ቆይ! ቆይ ቆይ ቆይ!” ዘሪሁን ጮኸ። “በር ላይ ነህ አንተ! ሰርቨሩ ሲከፈት በረንዳው ላይ ነው የሚያስቀምጥህ፤ ነጥቦቹ ባዶ በረንዳ ማለት ናቸው። የአብነት ቤት ውስጥ ነው ያለው። ረስቼ ነው፣ ዓመት አለፈኝ ካየኋት።” የሚገባበትን ትእዛዝና የፎልደሩን ስም ፊደል በፊደል ነገረኝ። ጻፍኩ። “አሁን እንደገና ኤል ኤስ።”

ይህን ኢንተር ራሴ ተጫንኩት።

ሠርግ የሚል ስም ወጣ። ሙከራ የሚል ስም ወጣ። ጉርድ የሚለው የለም። የትምህርት ቤት ልጆች ጉርድ በሙሉ ሄዷል። ወደ ሙከራው ገባሁና ኤል ኤስ አልኩ።

ስሞቹ ወረዱ። ስክሪኑን ሞልተው አለፉ። እንደ ቅድሙ አልነበሩም፤ መጡና ቆሙ። ባሉበት ቀሩ።

“ስንት ነው?” አለ ዘሪሁን።

ወደ ላይ መልሼ በጣቴ እያስነካሁ ቆጠርኩ። ጋሽ ከድርም በከንፈራቸው አብረው ይቆጥራሉ። ሃምሳ ስምንት። የመጀመሪያው የመስከረም ነው፣ የመጨረሻው የኅዳር። አብነት ሱቁን ከከፈተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ጠዋቶች ሁሉ፣ ጠዋት ባጠፋሁትና ቆሜ ባየሁት መካከል አልቀዋል።

ፎቶ አላየሁም፤ ልብ በሉልኝ። ስም፣ መጠንና ሰዓት ብቻ ነው የሚታየው። ግን ስሞቹን ማንበብ ጀመርኩ፤ ማቆምም አልቻልኩም። እሑዶቹ የሉም። የመስቀል ዕለት የለም። በጥቅምት አራት ቀን ተከታትሎ የለም። እሑድ አይደለም፣ በዓል አይደለም። ምን ሆኖ ነው አልኩ፤ ከዚያ ትዝ አለኝ። ታይፎይድ ይዞኝ ሆስፒታል የተኛሁት ያኔ ነው። አራት ቀን ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ፣ “ሥራ የለህም?” ስለው፣ “ዘመድ ነው የሚጠብቅልኝ፣ ሱቁ ክፍት ነው” ይለኝ ነበር። ክፍት አልነበረም። ዝርዝሩ ነገረበት።

የመጨረሻዋ የዚያን ቀን ጠዋት ናት። ወደ ኢዲዶ ከመሄዱ በፊት ሱቁን ከፍቶ፣ እንደልማዱ ሞክሮ፣ ገልብጦ ነው የወጣው። የተላከችበትን ሰዓት ዘሪሁን ወደ እኛ ሰዓት አሰላልኝ፤ ከቀኑ አሥራ አንድ። እኛ ሆስፒታል በር ላይ ቆመን ስንጮህ ኮምፒዩተሯ ፊቱን ወደ ሩቅ አገር ትልክ ነበር። ለእሷ መርዶ የነገራት የለም።

ይህን ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፤ ምክንያቱም ዘሪሁን ዳገቱ ላይ ሆኖ አለቀሰ። ጋሽ ከድር ስልካቸውን ትተውልኝ ወጡ፣ የቴምር ጭማቂ ይዘው ተመለሱ። “ኮምፒዩተሩን አልወስድም፣ እዚሁ ይሁንልህ” አሉኝ። በኋላ ግን ወሰዱት፤ ከነእኔ። አሁን በሱቃቸው ጥግ ተቀምጬ የምሠራው በእሱ ነው።

ፎቶዎቹን ያመጣኋቸው በማግስቱ ዓርብ፣ በቀን ብርሃን ነው። ዘሪሁን፣ “አንዲት የኮከብ ምልክት ካስገባህ ሁሉም ባንዴ ይመጣል” አለኝ። ሁሉንም ባንዴ የሚል ነገር ከእንግዲህ አልነካም አልኩት። ሃምሳ ስምንቱንም ስም በስም፣ ፊደል በፊደል እየጻፍኩ አንድ በአንድ አወረድኩ። “አንተ ሞኝ ነህ” እያለ አብሮኝ ስልክ ላይ ቆየ።

ቅዳሜ እማዬን ሱቁ አመጣኋት። በርጩማው ላይ አስቀምጬ እያንዳንዷን አሳየኋት። አብነት ተነጫንጮ፣ አብነት ፀጉሩ ቆሞ፣ አብነት ዳቦ በአፉ ይዞ። እሷ እንደ ሕያው ሰው ትቆጣዋለች። “ይሄን ሸሚዝ አልተኮስኩትም፣ አውልቅ ብዬው ነበር።” “እዚህ ጋ አልተኛም፣ ኳስ ሲያይ አድሮ ነው።” “ይሄ ጉንፋን ነው፤ ዳማከሴ ጠጣ ብለው እምቢ አለ።”

ስንጨርስ፣ “ይሄው ነው?” አለች።

“ይሄው ነው” አልኳት።

ከዚያ አንዷን መልስ አለችኝ። የጥቅምት ናት፤ እሱ ሳይዘጋጅ ካሜራው ያነሳት። ከበሩ በኩል አንድ ሰው ጠርቶት መሰለኝ፣ ፊቱን ወደዚያ አዙሯል፣ ደብዝዟል፣ አፉ ተከፍቷል።

“ይቺ ተበላሽታለች እማዬ። ትልቅ ስትሆን አታምርም። ያቺ ፈገግ ያለባት…”

“እየተናገረ ነው” አለች። “ዝም ያለውንማ እኔ አይቼዋለሁ ናቲ።”

እሷን አሳትመን ድንኳኑ መግቢያ ላይ አቆምናት። በአርባው የመጣ ሰው ሁሉ ፎቶው ፊት ይቆማል። “ምን እያለ ነው?” ይላል አንዱ። “‘አገጭህን ቀና አድርግ’ እያለ ነዋ!” ይላል ሌላው። ጋሽ ከድር፣ “‘የፎቶ ወረቀት አለዎት?’ እያለኝ ነው” አሉ። አንዲት ሴት፣ “‘እህቴ፣ ሠርግ እኮ ነው፣ ምን አስለቀሰሽ?’ ነው የሚለው፤ ለኔ ብሎኝ ነበር” አለች። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ ሲያልፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ስለ እናንተ ልናገር። ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ የሞተ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ቤታችሁ ይኖራል። ልትሸጡት፣ ልትሰጡት፣ ወይም ዓይናችሁ እንዳያየው ልታጸዱት ታስቡ ይሆናል። እኔ ዓይኔን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያጠፋሁት፤ መክፈት ስላቃተኝ። መክፈት ቢያቅታችሁ አልፈርድባችሁም። ግን መክፈት ግዴታ አይደለም። ስሞቹን ብቻ አንብቡ። ስም ማንበብ ትችላላችሁ፣ እኔ ችያለሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ የሰው ነገር ስቀበል መጀመሪያ ምን እንዳለ ሳላይ አልነካም። ጉርዳቸው የጠፋባቸውን ተማሪዎችም በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ፣ በተዋስኩት ካሜራ እንደገና አነሳኋቸው። ያልመጡም አሉ። ስማችሁን አላውቅም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ለእማዬ ግን አልነገርኳትም ነበር። “ይሄው ነው” ብያት ወራት አለፉ። የቀሩትን ጠዋቶች ማን እንዳጠፋቸው አታውቅም ብዬ፣ በየቀኑ ፊቷን እየሸሸሁ ኖርኩ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሷ ለማንበብ ነው፤ በአፌ መናገር አቃተኝ። ትናንት ከምሳ በኋላ እዚህ ድረስ ያለውን አነበብኩላት። ሺፍቱ ጋ ስደርስ ድምፄ ቆመ፤ እሷ “ቀጥል” አለች። ቀጠልኩ።

ስጨርስ ነጠላዋን አስተካከለች።

“ዘሪሁን በአርባው ዕለት ነግሮኛል” አለችኝ። “‘ናቲ እንዳታውቂ ብሏል’ ብሎ ነው የነገረኝ፤ ያ ደግሞ ምስጢር አይችልም።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?”

“አንተ እስክትነግረኝ ነዋ። እንዴት ነው የቆየኸው ልጄ? እኔ እኮ ልሞት ነው፣ ስጠብቅህ።” ወረቀቶቹን ከእጄ ወስዳ ገለጥ ገለጥ አደረገቻቸው፤ ማንበብ አትችልም። “ይሄ ሁሉ ስለዚያ ቀን ነው?”

“አዎ።”

“እናቱ ሰምታ አልተቆጣችም የሚል አለበት?”

“የለበትም።”

“ጨምርበት” አለች።

ጨመርኩት።